የጾም የጥርስ ቅባት

ሽቦው ከጥርሴ የወለቀው ለዐቢይ ጾም ቅበላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ባሕር ዳር፣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ እያንዳንዷ ብረት ቀጭ እያለች ስትነቀል በልቤ እቆጥር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ ተመላልሻለሁ። ተደራርበው የበቀሉት የላይኛው ረድፍ ጥርሶቼ አሁን ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል ተባልኩ። መስታወቱን ከነርሷ እጅ ተቀበልኩ ከማለት ነጠቅኩ ማለት ይቀላል።

እውነትም ተሰልፈዋል። በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ብረቱ ተለጥፎበት የነበረው ቦታ በእያንዳንዱ ጥርስ መሐል አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ቢጫ ቢጤ ነው። ዙሪያውን ደግሞ የጠመኔ ብናኝ የመሰለ ደረቅ ነጭ ነገር ከቦታል። ሌላው ሰው ስንት ዓመት ታግሦ የሚያምር ጥርስ ያገኛል፤ እኔ ዝንጉርጉር ጥርስ አገኘሁ።

"ዶክተር፣ ይኼ ታጥቦ ይለቃል አይደል?" አልኩት።

"አይለቅም" አለኝ፤ "ሻይ ትወጃለሽ እንዴ?"

እንዴት አወቀብኝ! ሽቦው የታሰረልኝ ቀን ብረቱን ይሰብረዋልና ቆሎ እንዳትነኪ ብሎኝ ነበር። ጋይንት ተወልዶ የገብስ ቆሎ መተው ቀልድ አይደለም። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ተውኩት። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼ ሁሉ ከቆሎው ሰሃን ሲዘግኑ፣ እኔ በአራት ማንኪያ ስኳር የጣፈጠ ሻይ ይዤ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ መውጫ ፉት እያልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ። አንድም ብረት አልሰበርኩም ብዬ ስኩራራ፣ ለካ ስኳሩ ብሩሽ በማይደርስበት በብረቱ ጥግና ጥግ እየተቀመጠ የጥርሴን ማዕድን ሲመጠምጠው ከርሟል። ነጩ ነገር የንጣት ሳይሆን የጉዳት ነው አለኝ ሐኪሙ። ጠዋትና ማታ ከቦረሽኩ በኋላ የምቀባው ትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጠኝ። ማዕድኑን ቀስ በቀስ ይመልሳል፣ ሎሚና ከሰል የሚባል ነገር እንዳታስጠጊ ብሎ አሰናበተኝ።

ያናደደኝ ጥርሴ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ግን ተማሪዎቼን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው። የተደራረበው ጥርሴ እንዳይታይ ፊቴን ወደ ሰሌዳ አዙሬ ነው የማወራው፤ ዞር ካልኩም እጄ አፌ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ድምፄን ስለሚወዱት በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲደርስ መድረክ ምሪልን ይሉኛል፤ በየዓመቱ እምቢ እላለሁ። ዘንድሮ ግን ሽቦው ሊወልቅ ነው ብዬ ልቤ አብጦ፣ ባልደረቦቼ ሁሉ በተሰበሰቡበት "የዘንድሮው የኔ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ" ብዬ ነበር። ቀኑ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። እንግዲህ ወይ በሁለት ወር ጥርሴ ይስተካከላል፣ ወይ ቃሌን አጥፌ እንደገና ሰሌዳዬ ሥር እገባለሁ።

ቅዳሜ ጋይንት ቤተ ልሔም አካባቢ ወዳለው የእናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ ሽቦውን ገና ከመጀመሪያው አልወደደችውም፤ "ፍየል እንዳይገባበት ነው ያጠርሽው?" እያለች ስትቀልድብኝ ሁለት ዓመት ቆይታለች። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ።

"ድሮስ ምን ብዬሽ ነበር! እግዜር የሰጠሽን ጥርስ እንደ በግ አስረሽ አስረሽ፣ ይኸው!" አለች። ከጓዳ ግማሽ ሎሚና ጨው ይዛ ብቅ አለች። "የናሱን መስቀል የሚያበራ ሎሚ ያንቺ ጥርስ ያቅተዋል?"

"እማዬ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል። መድኃኒት ሰጥቶኛል" ብዬ ቱቦውን አሳየኋት።

እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ ግን የማታውቀው ዕቃ ቤቷ ሲገባ ከምን እንደተሠራ ሳትጠይቅ አታልፍም። "ከምንድን ነው?" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ እኔም አላየሁትም ነበር። ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩላት። የወተት ፕሮቲን አለበት ይላል። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል።

ዝም ብዬ ብቀባው ማን ያየኛል? አስቤዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን እናቴ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ እኔም ብሆን በሁዳዴ ወተት አፌ ውስጥ ይዤ ማደር አልሆነልኝም። ተያይዘን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አባ፣ ይፍቱኝ" ብዬ ነገሩን ከነቱቦው አቀረብኩ።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ትውጭዋለሽ?"

"አልውጥም፤ ቀብቼ እተፋዋለሁ።"

ቱቦውን አገላበጡት። "እንግዲያ ንገሪኝ ልጄ፤ ይኼ መድኃኒት ነው ወይስ ኩል ነው?"

መድኃኒት ነው ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ እናቴም ታውቃለች። ግን እኚህ ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ ኃጢአቴን ሁሉ የሚያውቁ ናቸው። "ሁለቱም ይመስለኛል አባ" አልኩ።

ከትከት ብለው ሳቁ። "ደግ አድርገሽ እውነቱን ተናገርሽ። ሐኪሙን ጠይቂው። ታሟል ካለሽ ተቀቢው፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ። ለማማር ብቻ ከሆነ ግን ፋሲካን ብትጠብቂ አትሞቺም።"

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ነጩ ነገር የመበስበስ መጀመሪያ ስለሆነ ታሟል ሊባል ይችላል አለኝ። ስለዚህ ተፈቅዶልኛል። ግን ፈቃዱን ካገኘሁ በኋላ ልቤ አልቀበል አለ። ምግብ ቤት ገብቼ የምጠይቀው ጥያቄ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ዶክተር፣ የጾም የለውም?"

በስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሰማሁ። "ስንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም" አለ። "አለ እኮ። ፍሎራይዱ ጠንከር ያለ የጥርስ ሳሙና አለ፤ ወተት የለበትም። ፋርማሲ ልኬ አስቀምጥልሻለሁ። ግን ስሚኝ፤ ከቅባቱም ከሳሙናውም በላይ ሻይሽን ነው የምፈራው። ስኳር በቀመስሽ ቁጥር ጥርስሽ ይጠቃል። ምራቅሽ ደግሞ የሚጠግነው ፋታ ሲያገኝ ነው።"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኮ ነው የምጾመው።"

"ታዲያ የሕክምናውን ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ጀምራልሻለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን አንቺ ጨርሺው" አለኝ።

ያን ቀን ስኳር በቃኝ አልኩ። ስገድፍ ምሳዬን በልቼ ውሃ እጠጣለሁ፤ ሻይም ካማረኝ ያለ ስኳር ነው፤ መራራውን እንደ ኮሶ እየተጎነጨሁ። እየቦረሽኩ፣ በጥርሴ መሐል ክር እየሳብኩ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መስኮት ሥር ቆሜ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ለውጥ የለም። ደብረ ዘይት ደርሶ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስልኬን አልጋ ላይ ወርውሬ አለቀስኩ። በንዴት ያለቀስኩት ነው፤ በማግስቱ ግን እንደገና ቦረሽኩ።

ከዚያ በሆሳዕና እሑድ አየሁት። የነጩ ዳር ዳር ሟሟ፤ ጥርሴ ራሱ መልሶ እየዋጠው ነው። መስኮቱ ሥር ለብቻዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ሰሞነ ሕማማት ሊገባ ነው ብዬ ነው አፌን የያዝኩት። ከፋሲካ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ስሄድ ብረቱ ተለጥፎበት የነበረውን የሙጫ ቅሪት ፈቅፍቆ አለሰለሰልኝ፤ ቢጫው አራት ማዕዘንም ለካ አብዛኛው ሙጫ ነበር። ከፊት ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ብቻ ቀሩ። "እነዚህ ይደበዝዛሉ እንጂ ላይጠፉ ይችላሉ" አለኝ። ከአሥራ ሁለት ጥርስ ሁለት ነጥብ! አሸነፍኩ ብዬ ከክሊኒኩ ወጣሁ።

ግን የወላጆች ቀን ጠዋት እነዚያ ሁለት ነጥቦች ደብረ ታቦርን አከሉብኝ። መላ ፈጠርኩ፤ ማይኩን ከንፈሬ ላይ ለጥፌ እናገራለሁ፣ ማንም አያየኝም። ግቢው በወላጅ ተሞልቷል፤ ገሚሱ ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ የመጣ ነው። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። ማይኩን አፌ ላይ ደግኜ "እንኳን ደህና…" እንዳልኩ መብራት ጠፋ።

"አይሰማም!" አሉ ከኋላ።

ርዕሰ መምህሩ በእጃቸው ቆይ ቆይ ይሉኛል። ምን እቆያለሁ! ሃምሳ አምስት ቀን ቆይቻለሁ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አፌን ከፍቼ ጮህኩ።

"አሁንም አይሰማም!"

"እንኳን ደህና መጣችሁ አልኳችሁ እኮ!" አልኩ በንዴት። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ እስከ መንጋጋዬ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታኝ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ እያየሁ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ በባዶ ድምፄ የተሸላሚ ስም መጥራት ጀመርኩ። ከኋላ "ተሰማ! ተሰማ!" ይሉኛል።

የዘጠነኛ ክፍሎች ላይ ስደርስ መብራቱ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ሮጠው ማይኩን አቀበሉኝ። መልሼ ሰጠኋቸውና ቀጣዩን ስም ጠራሁ።