የግራ እጅ ሥራ

የሰፈሩ ሰው «ዳባሿ» ይላታል። ስድብም ነው፣ ሙገሳም ነው። ወገቡን ይዞ እየተንፏቀቀ የመጣ ሰው ጀርባዬን ታሽልኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ኧረ እዚህ ነው ያመመኝ!» ሲላት፣ «እሱማ ጮኸ እንጂ ምን አጠፋ? ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ተደብቋል» ትለዋለች። ሰውነት አንድ ነው፣ የተያዘውን ካስለቀቁለት ቀሪውን ራሱ ይጨርሳል ባይ ናት። ስለዚህ ታካሚው ትንሽ ሻል ሲለው «በቃህ፣ ከእንግዲህ እንዳትመጣ» ብላ ታሰናብተዋለች። እንጀራውን በገዛ እጁ የሚያባርር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባሏ ግን ይኼን ጠባይዋን ችሎ፣ መግቢያው ላይ ተቀምጦ ስልክ እያነሳ ቀጠሮ ይይዝላት ነበር። የቻለ መስሏት ነበር እንጂ።

ሙያውን ያስተማረችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታናሽ እህቷን። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገቻትም እሷው ናት። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት። ግራኝ ስለሆነች የታካሚውን ግራ ጎን አሳምራ ታፍታታና ቀኙ ላይ ስትደርስ ትሰለቻለች። «አንቺ ልጅ፣ ግማሽ ሰው እኮ ነው ሠርተሽ የምትሸኚው!» እያለች ስንቴ ተቆጥታታለች! ይህችው እህት ከጥቂት ወራት በፊት «ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ታካሚው እየሳሳ ሄደ። ባሏን ስትጠይቀው «ድነው ነዋ! ራስሽ አትምጡ እያልሽ» ይላታል። እሷም አምና ደስ አላት። ሞኝነቷ!

አንድ ከሰዓት በኋላ ታካሚ ስላልነበረ ባሏ «አንገቴን ያዘኝ» ብሎ የመታሻው አልጋ ላይ በደረቱ ተኛ። እንደ ልማዷ አንገቱን ትታ መዳፎቿን ከጎድን አጥንቶቹ ላይ አሳረፈች። ይህን ጀርባ ከተጋቡ ጀምሮ ታውቀዋለች። በሁለቱም በኩል እንደ ተወጠረ ገመድ ነው። እሷ ስትነካው ትንፋሹን ይይዛል፤ አንድ ቀን እንኳ ዘና ብሎላት አያውቅም። አሁን ግን ግራው ለስልሶ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ቀኙ እንደ ድሮው ደርቋል።

እንዲህ ግማሹን ብቻ የሚሠራ እጅ አንድ ነው፣ ያስተማረችውም እሷ ናት።

«እህቴ ጋ ሄደሃል» አለችው።

«ማን? እኔ?» ከመዳፏ ሥር ትንፋሹ ቀጥ አለ።

«አትዋሸኝ። የት ነው የምትሠራው?»

ፊቱን እንደ ደፋ ተናገረ። እህቷ ከአደባባዩ ማዶ ክፍል ከፍታለች። ክፍሉን የፈለገላት እሱ ነው፤ የሚደውለውን ሰው ሁሉ ወደዚያ የሚመራውም እሱ።

«አንቺ ሰው ታባርሪያለሽ፣ እሷ ተመለሱ ትላለች» አለ። «ቤት በምን ይተዳደራል?»

«ሰዉንስ ምን እያልክ ነው የምትመራው?»

ቀስ ብሎ፣ «እጇን ያማታል፣ ሥራ ትታለች እላለሁ» አለ።

ክፍሉም፣ ታካሚውም ይቅር፤ እሷን የከነከናት ያ የለሰለሰ ግራ ጎኑ ነው።

«ለእሷ ዘና አልክላት» አለችው። «ለእኔ እኮ አንድ ቀን…»

«አንቺን እፈራሻለሁ። ምን ታገኝብኝ ይሆን እያልኩ እሳቀቃለሁ። እሷ ምንም አትፈልግብኝም፤ ታሻለች፣ ታወራለች፣ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል።» ትከሻውን አንቀሳቀሰ። «አሁን ከጀመርሽው አይቀር ቀኙን ጨርሺልኝ። አንገቴን የያዘኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።»

ልማድ ክፉ ነው፤ ጣቶቿ ቀኙ ላይ ቦታቸውን ይዘው ነበር። አነሳቻቸው።

«እጄን ያመኛል» አለችው። «ሥራ ትቻለሁ።»

ሸሚዙን ከወንበሩ አንስታ ጀርባው ላይ ጣለችለት።