በአድራሻው መስመር የተጻፈው

የሆስፒታሉ መዝገብ ከአሮጌው የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ አዲሱ በሚዛወርበት ዕለት፣ የካርድ ክፍሉ አዛውንት ጸሐፊ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ልባቸው እንደተሰቀለ ከቴክኒሻኑ ወንበር ኋላ ቆመው ዋሉ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ያወርዳሉ፤ መልሰው ይሰኩታል።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ! ማሽን እንደ ሰው አይረሳም» አላቸው ቴክኒሻኑ እየሳቀ።

«አይረሳም፤ እኛ ግን የት እንዳስቀመጥነው አልነገርነውም፣ ልጄ።»

አሮጌው ሥርዓት ለበሽተኛው የማይስማማው መድኃኒት የሚመዘገብበት ቦታ ስላልነበረው፣ ጸሐፊዎቹ ይህንኑ ለዓመታት በአድራሻው መስመር መጨረሻ ላይ ሲጽፉት ኖረዋል። ሐኪሙ በሚያየው አዲስ ገጽ ላይ ደግሞ አድራሻ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ሲነግሩት የቴክኒሻኑ ሳቅ ተቋረጠ። «እስቲ የአንድ ካርድ ቁጥር ይስጡኝ።»

አዛውንቱ መዝገብ ሳይገልጡ ስምንት አኃዝ በቃላቸው ነገሩት። በአሮጌው ገጽ የአንዲት ሴት ካርድ ተከፈተ፤ ከቤት ቁጥሯ ቀጥሎ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ይላል። ቴክኒሻኑ ማስታወሻው የተጻፈበትን ቀን አነበበ፤ ካርዷ በሞት በተዘጋ ማግስት የተጻፈ ነው። ዞሮ አያቸው።

«ባለቤቴ ነበረች፤ የጻፍኩት መርፌውን ከተወጋች በኋላ ነው» አሉ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው እያወረዱ። «የሌሎቹን እንኳ በጊዜ እናውጣ።»