ፍላሹ የተሰካበት ሰዓት

የኮምፒውተር ቫይረስ የሆስፒታሉን ፋይሎች በሙሉ በቆለፈ በሦስተኛው ቀን አንድ መርማሪ መጣ። ጥበቃ ነኝና በሩ ላይ ስፈትሸው ሳይቆጣ ዕቃውን አንድ በአንድ አውጥቶ አሳየኝ፤ እንዲህ ያለው ሰው አይታመንም ብዬ እስከ መዝገብ ቤቱ ድረስ ተከተልሁት።

«ጋሼ፣ ቫይረሱንም በፍተሻ ሊይዙት ነው?» አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ።

መርማሪው አልሳቀም። የሸሚዙ አንገትጌ በእጅ የተሰፋ ነው፤ የጋብቻ ቀለበቱን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። የኮምፒውተሩን ዲስክ ቀድቶ ዋናውን አሸገ፤ ከዚያም በቅጂው ላይ አቀርቅሮ ዋለ።

«ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ፍላሽ ተሰክቷል። ቫይረሱ የገባው በእሱ ነው» አለ በመጨረሻ።

«የሰካሁት እኔ ነኝ፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዬ ነው» አለች ፊቷ አመድ መስሎ። «ፋይሎቹ ይመለሳሉ?»

«አይመለሱም፣ እህቴ። እኔ የምችለው በየት በኩል እንደገባ ማግኘት ብቻ ነው። በትዳሬም የሆነው ይኸው ነው።» ቀለበቱን ዳሰሰ። «ይህ ነገር ከሥራ ያስባርርሻል። ፍላሹን ማን ሰጠሽ?»

«ወድቆ አገኘሁት።»

ከበሩ ሥር አንስቼ፣ ባለቤቱን ፈልጊ ብዬ የሰጠኋት እኔ ነበርሁ። መርማሪው ቀና ብሎ ጥቂት አየኝ። ዝም አልሁ። የእሷን ስም ጻፈ።