የግራ አፍንጫዬና ማንም ያላየው ጥርስ

በመጀመሪያ የተሰማኝ ከግራ ጉንጬ ሥር የሚጫን ክብደት ነበር። ጎንበስ ስል ግንባሬን ይወጋኛል። ከዚያም ከግራው የአፍንጫዬ ቀዳዳ ብቻ ወፍራም፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ይወርድ ጀመር።

ባለቤቴ «ምች ነው፤ ላብዎ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ ወጥተው» ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ። እርሷን አልወቅስም፤ ሐኪም አይደለችም። የምወቅሰው ነጭ ጋዋን ለብሶ ያንኑ የደገመውን ነው። ደባርቅ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ወጣቱ ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሳይነስ ነው አባባ፤ የስሜን ብርድ ነው፤ ኮፍያ ያድርጉ» አለኝና አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። ስወስድ ጋብ ይላል፤ ሳቆም ያገረሻል። ዳባት ሄድኩ፤ ያው ብርድ፣ ያው ኪኒን። መጽሐፍ ከእጄ ስለማይለይ ጎረቤቴ ደግሞ «ጋሼ፣ ያ ሁሉ ንባብ ነው በአፍንጫዎ የሚወጣው!» እያለ ይስቅብኛል። ብርድ ባለበት አገር ብርድን መክሰስ ምርመራ አይደለም።

አንድ ጠዋት ግራ ዓይኔ አብጦ ነቃሁ። አልከፈት አለ። ፈራሁ።

በሚኒባስ ወደ ጎንደር ወረድን። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሾፌሩ እህል ሊጭን ቆመ። ባለቤቴ «የሰው ዓይን ነው የያዝከው፣ ንዳ!» ብላ ጮኸችበት።

የጎንደሯ ሐኪም የመጀመሪያ ቃሏ «አፍዎን ይክፈቱ» የሚል ነበር። ቆሎ ስቆረጥም የተሰነጠቀ፣ ስላላመመኝ የተውኩት የላይኛው ግራ መንጋጋ ጥርስ ነበረኝ። በብረት መታ ስታደርገው ዘለልኩ። ሲቲ ስካን ተነሣሁ።

«የጥርስዎ ሥር መግሏል። መግሉ ከጉንጭዎ አጥንት ውስጥ ወዳለው ክፍተት፣ ወደ ሳይነስዎ ገብቷል፤ አሁን ወደ ዓይንዎ እየሄደ ነው» አለችኝ።

በደም ሥር መድኃኒት ተሰጠኝ። ጥርሱ ተነቀለ። ሳይነሴ ታጠበ። ከዚያ በኋላ እብጠቱ ከቀን ወደ ቀን እየሟሸሸ፣ በመጀመሪያ የመስኮቱን ብርሃን፣ ኋላም የባለቤቴን ፊት፣ በመጨረሻም በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በግራ ዓይኔ ብቻ ለመለየት በቃሁ። አምላክንም ሐኪሟንም አመሰግናለሁ።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። የማያባራ የአፍንጫ መታፈንና ራስ ምታት ከአለርጂ፣ አፍንጫ ውስጥ ከሚበቅል ሥጋ (ፖሊፕ)፣ ከአፍንጫ አጥንት መጣመም፣ ከማይግሬንም ሊመጣ ይችላል፤ በአንድ ወገን ብቻ ሲሆንና ሲከረፋ ግን ጥርሳችሁን አስመርምሩ። ዓይን ካበጠ ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሂዱ።

ስመለስ ለደባርቁ ክሊኒክ ባለሙያ ነገርኩት። «ወይ ጉድ! ጥርስ?» ብሎ ሳቀ። ደጅ ላይ ጥቂት አረፍ አልኩ። ራሷን በነጠላ ጠፍራ ያሰረች፣ ከበየዳ ወረዳ የመጣች ሴት ገብታ ወዲያው ማዘዣ ይዛ ወጣች።

«እኅቴ፣ አፍሽን አየልሽ?» አልኳት።

«ምን በወጣው አፌ! የታመመው ራሴ» አለችኝ።

ይዣት ተመልሼ ገባሁ።