የአባቴን ስልክ ከፋብሪካው ያስለቀቅሁ ጊዜ

አባቴ ከዘጌ በጀልባ ሲመጡ አስቀድመው ይደውሉልኝ ነበር። ያን ቀን ሳይደውሉ መጡ። በሩን ስከፍት የጋቢያቸው ጫፍ ርሷል፤ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«እስኪ ይህን እይልኝ» አሉ ሳይቀመጡ። «የኔታ ጠፉብኝ።»

የኔታ የሚሉት የዜማ መምህራቸውን ነው። መምህሩ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። አባቴ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለ ደብር ያገለግላሉ፣ ደቀ መዛሙርትም ያስተምራሉ። ሆኖም ሽማግሌው የአልጋ ቁራኛ ሆነው ሳሉ፣ አባቴ ክረምቱን ሙሉ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው እንደ ጀማሪ ተማሪ ዜማውን እንደገና ተቀበሏቸው። ምልክቱ በመጽሐፍ አለ። ድምፁ የት ላይ እንደሚሰበር፣ የት ላይ እንደሚጎተት ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ካልሆነ አይገኝም። ያን ሁሉ የቀዱት እኔ በገዛሁላቸው ስልክ ነበር። ከስልኩ የሚያውቁት መደወልና ድምፅ መቅዳት ብቻ ነው።

ቅጂዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ከፈትሁት። ባዶ ነው። ከላይ በኩል አንድ አረንጓዴ መልእክት ያበራል። በእንግሊዝኛ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ስልክዎ ጸድቷል፣ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈቱ ትልልቅ ፋይሎች ተወግደዋል ይላል።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ቆሻሻ ጠርጌልዎታለሁ ይላል።»

መልእክቱን አተኩረው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «የኔታን ነው ቆሻሻ ያላቸው?» አሉኝ።

 እስከ ጆሮዬ ድረስ ተቃጠልሁ።

የምሠራው በባሕር ዳር ካሉት ኮሌጆች በአንዱ፣ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያሰብሁት ያን ማጽጃ ተብዬ መተግበሪያ ወዲያው ከስልኩ ነቅዬ መጣል ነበር። ማጥፊያውን ስነካው ደብዝዞ ቀረ፤ አይታዘዝም። ከስልኩ ጋር ከፋብሪካው የመጣ ነው። አባቴ አላስገቡትም፣ እኔም አላስገባሁትም፤ እንዲያ ሆኖ እኛ ልናስወጣው አንችልም፣ እሱ ግን የእኛን እየመረጠ ያስወጣል።

በማግስቱ ስልኩን ይዤ ወደ ወኪሉ መደብር ሄድሁ። ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠው ሠራተኛ ትሑት ልጅ ነበር፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ሲስተም አፕ ነው፤ አይነካም።»

«አይነካም ያለው ማን ነው?»

«ካምፓኒው።»

«ስልኩ የካምፓኒው ነው?»

«አይ፣ የአባትሽ ነው። ግን መጀመሪያ ሲከፍቱት ተስማምተዋል። እስማማለሁ የሚለውን ካልነኩ ስልኩ ሥራ አይጀምርም።»

«በምን ቋንቋ ነው የተስማሙት?»

 አባቴ የግዕዝ ቅኔን ሰምና ወርቅ ለይተው ሲያስረዱ ሊቃውንት ዝም ብለው የሚሰሟቸው ሰው ናቸው። እኒህን ሰው በማያነቡት ፊደል አንድ ገጽ ሙሉ አሳይተው፣ ጣታቸውን አስነክተው፣ ተስማምተዋል ይሉኛል! ደሜ ፈላ። ቢሆንም ልጁን መጠየቅ ነበረብኝ።

«የጠፋውን ማስመለስ ይቻላል?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሩት ከተደረገ ሊቻል ይችላል።»

ሩት ማድረግ ማለት ፋብሪካው ለራሱ ያስቀረውን ሥልጣን ወስዶ በስልኩ ሥርዓት ላይ ሙሉ አዛዥ መሆን ማለት ነው። ያ ሥልጣን የሌለው ሰው የተሰረዘ ነገር የሚተኛበትን የስልኩን ጓዳ ማየት አይችልም።

«ግን ዋስትናው ይፈርሳል» አለ ልጁ። «ደግሞ መቆለፊያው ሲከፈት ስልኩ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል። ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው የተደረገ።»

«እንግዲህ የተሰረቅሁትን ለመፈለግ ወደ ቤቴ ብገባ ቤቱ ይቃጠላል ነው የምትለኝ?»

«እኔ አልሠራሁት፣ እህቴ።»

እውነቱን ነው፣ እሱ አልሠራውም። የሠራው ሰው ደግሞ ባሕር ዳር የለም፤ ሄጄ የምጮህበት በር የለውም። ስለዚህ በልጁ ላይ ጮህሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስልኩን ከባንኮኒው ላይ ነጥቄ ወጣሁ።

ቤት ስገባ አጥፍቼው አስቀመጥሁትና በኮምፒውተሬ ማንበብ ጀመርሁ። የአባቴ ስልክ የቆየ ዓይነት ስለ ነበረ፣ ምንም ሳይደመስስ የሚያስገባ ክፍተት በአሠራሩ ላይ ተገኝቶበታል። ነገር ግን ዘዴው መሐል ላይ ከተበላሸ ስልኩ ዳግመኛ አይነሣም። ለአባቴ የሰማሁትንም ያነበብሁትንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

«ከሞተ ያለችውም ተስፋ አለቀች፣ አባባ።»

«ካልሞከርሽስ?»

«ስልኩ በሠራ ቁጥር በአሮጌው ላይ አዲስ ነገር ይጻፍበታል። ቀስ በቀስ ለዘላለሙ ይጠፋል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠይቂኝ?» አሉ። የተቆጡት በእኔ ይሁን በስልኩ አልለየሁም። «ጀምሪ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ። ትእዛዙን ስሰጠው የስልኩ መስታወት ጠቆረ። ጠብቄ ጠብቄ ምንም የለም። አባቴ ጸሎታቸውን አቁመው «ሞተ?» አሉ።  ቆይቶ በኮምፒውተሩ ላይ ፊደላት መውረድ ጀመሩና ከመጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ የነበረችው ምልክት ተለወጠች። አዛዡ አንቺ ነሽ ማለት ናት።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልሆነም። የራሳችንን ስልክ ለማዘዝ እንደ ሌባ በጓሮ መግባታችን ይበልጥ አንገበገበኝ።

አስቀድሜ የተሰረዘውን ፈልጌ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ማጽጃውን ነቀልሁት። ከጎኑ ሌላ አገኘሁ፤ ይኸኛው አባቴ የሚውሉበትን ቦታ እየመዘገበ ሲልክ የኖረ ነው። ቤተ መቅደስ ሲገቡ፣ ከቤተ መቅደስ ሲወጡ። እሱንም ነቀልሁት። 

ከቅጂዎቹ አብዛኛው ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ዜማው ይጀምርና ጩኸት ይሆናል፣ ወይም መሐል ላይ ይቆረጣል። አባቴ ጆሯቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግተው እያንዳንዱን ሰሙ፤ በተቆረጠ ቁጥር ጎንበስ ይላሉ። ኋላ ላይ አንዱ ሳይቆረጥ ሄደ። አባቴ ያዜማሉ፣ ሽማግሌው ይስላሉ፣ ከዚያ ያ የደከመ ድምፅ በድንገት በረታ፦

«አይደለም! መልስ! ማን እንዲህ አስተማረህ?»

አባቴ ሳቁ። ሽበታም መሪጌታ፣ ስንቱን ያስተማሩ ሰው፣ እንደተገሠጸ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ እኔም ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሰኞ ሌላ ጣጣ መጣ። ለአባቴ የጫንሁላቸው የባንክ መተግበሪያ አልከፍትም አለ፤ ይህ መሣሪያ ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል። ሌባው በውስጡ ሳለ አስተማማኝ ነበር! ሌባውን ስናስወጣ ተጠርጣሪዎቹ እኛ ሆንን። ይህን ሳይ ኮምፒውተሩን በቡጢ መትቼው እጄ አበጠ።

«ወደ ድሮው ብመልሰው ባንኩ ይከፍታል» አልኋቸው፤ «ግን ያ ማጽጃም አብሮ ይመለሳል።»

«አይመለስ» አሉ አባቴ። «የባንክ ቤቱን በር አውቀዋለሁ።»

ከጠፋው ዜማ ጥቂቱን የሚያውቁ አንድ ቄስ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ እንዳሉ ሰሙ፤ በአንድ ዘመን ከየኔታ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ነፋሱ ይለፍ ብዬ ብለምናቸውም እሺ አላሉኝም፤ በጀልባ ተሻገሩ። ቄሱ የሚያስታውሱትን አቀበሏቸው። የማያስታውሱት ግን ይበዛል። አባቴ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ብርድ መትቷቸው ተመለሱ፤ ሰንብተው ከአልጋ ተነሡ።

አሁን ያን የተገኘውን ለደቀ መዛሙርታቸው ያስተምራሉ፤ የጎደለው ቦታ ሲደርሱ ቆም ይሉና «ይህን አላውቀውም» ብለው ያልፋሉ። እሳቸው ነገሩን ትተውታል። እኔ ግን አዲስ ስልክ የያዘ ሰው ጣቱን እስማማለሁ ላይ ሲያሳርፍ ባየሁ ቁጥር እጁን ልይዘው እነሣለሁ።