የሚስ እግር እጣቢ

ሱፍ የሚቆረጥም ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ዛሬም ቦታ እቀይራለሁ። ጸጉር ሥራ ያስተማረችን ሴትዮ ከአፏ ሱፍ አይጠፋም ነበር። ገለባውን በምራቅ እንደራሰ ወለሉ ላይ ትተፋዋለች፤ ከተቆረጠ ጸጉር ጋር ይለወሳል፤ እኛ ተንበርክከን በእጃችን እንለቅማለን። በመጥረጊያ መጥረግ ክልክል ነው። «ጎንበስ ማለት ያልለመደች የሰው ጸጉር አትነካም» ትለናለች።

ቦታው ሳውዲ፣ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ያለ አሮጌ አፓርታማ ነው። ሴትዮዋ እንደኛው ሐበሻ ናት። መጀመሪያ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ኋላ አል ዑለያ ባለ የሴቶች ሳሎን ተቀጥራ ሙያውን ለመደችው። ሳሎኗን ትምህርት ቤት ብላ ሰየመችው። ሚስ ብለን እንድንጠራት፣ እርስዎ እንድንላትም አዘዘችን።

እኔ ያኔ ከአሠሪዬ፣ ከማዳሜ ቤት ወጥቻለሁ። ማዳሜ ደግሞ ጠፍታለች ብላ ሁሩብ አስመትታብኛለች። ሁሩብ የተመታበት ሰው ወረቀት በሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ ድርሽ አይልም፤ ስለዚህ ሙያ ልማር ካልኩ ያለኝ የሚስ በር ብቻ ነበር። እሷም ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። አብዛኞቻችን እንዲያ ነበርን።

ሙያውን አታውቅም አልልም። ታውቃለች፤ ይበልጥ የሚያንገሸግሸኝም እሱ ነው። የጸጉር ማድረቂያውን ፎን ስትይዝ እጇን ማየት ደስ ይል ነበር። ግን ማሳየት ትጀምርና አንዷ ስትሳሳት ትምህርቱ እዚያው ይቆማል፤ ቅጣት ይተካል። የጸጉር መጠቅለያውን ቢጉዲን አላልታ የጠቀለለች በማበጠሪያ ጀርባ ጣቷን ትመታለች። የገላ ጸጉር መንቀያውን ሐላዋ ያሳረረች፣ ያሳረረችው ሐላዋ ራሷ ክንድ ላይ ይለጠፍና ቆዳዋ እስኪቀላ ይነቀላል። ያረፈደች ደግሞ የጸጉር ማጠቢያውን ቱቦ በጣቷ ትከፍታለች። ግራጫ፣ ሙልጭልጭ ያለ የጸጉር ጉንጉን ስቦ መውጣት ብቻ አይበቃም፤ በመዳፏ ይዛ በየተራ ታስሸትተናለች። የበሰበሰ ሽታው ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ሮጬ ገብቼ አስመለሰኝ፤ ስመለስ ሚስ «ልዕልቷ መጣች» ብላ አሳቀችብኝ።

ከመሃላችን በዕድሜ የምትበልጠን አንዲት የወሎ ሴት ነበረች፤ ሁላችንም እታለም እንላታለን። ደማም ውስጥ አንድ ቤት ትሠራለች፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አላት፤ አርብ አርብ ማዳሟ ስትለቃት ትመጣለች። ሐሳቧ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ መትታ አገሯ ለመግባትና ኮምቦልቻ ላይ ጸጉር ቤት ለመክፈት ነበር። ዝምተኛ ናት። ስትመታ እንኳ ጣቷን ጨብጣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

የእግር አሠራር የምንማር ቀን ሚስ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነከረች። ተረከዟ ተሰነጣጥቋል፤ የአውራ ጣቷ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሯል። ውሃው ቶሎ ደፈረሰ፤ የሞተ ቆዳ እንደ ንፍሮ ገለባ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ሥሪ የተባለችው እታለም ነበረች። ያን ጥፍር ስትቆርጥ መቁረጫው ሥጋ ነካ፤ ትንሽ ደም ወጣ።

ሚስ አልጮኸችም። እግሯን ሳፋው ውስጥ መልሳ አለቀለቀችና ሳፋውን በተረከዟ ወደ እታለም ገፋችው።

«ፊትሽን ታጠቢበት።»

እታለም በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «ሚስ፣ አውፍ ይበሉኝ፤ እጄ ስቶ ነው» አለች።

«ታጠቢበት አልኩሽ። ሁለተኛ እንዳይስት።»

«ነጃሳ ነው እኮ፣ ሚስ። ደም ገብቶበታል። እኔ በዚህ ፊት ነው የምሰግደው።»

«የኔ ደም ነው ነጃሳ?» አለችና ጎንበስ ብላ ከሳፋው በመዳፏ ዘግና እታለም ፊት ላይ ለጠፈችው። ከግንባሯ እስከ አገጯ አሸችው። የቆዳ ፍርፋሪ ቅንድቧ ላይ ቀረ።

አንዷ ተማሪ ኪኪኪ ብላ ሳቀች። ሌሎቹ ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ ብድግ አልኩ።

«ኸላስ! ይብቃሽ!» አልኩ። እርስዎነቱ ጠፋኝ።

«አንቺ ሁሩብ! ስልክ ላንሳልሽ? ዛሬውኑ እንዲለቅሙሽ ላድርግ?»

እታለም ተነሣች። ሳፋውን ይዛ ሄዳ መታጠቢያ ቤት ደፋችው። ፊቷን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ሻርፗን አስተካከለችና ሚስ ፊት ቆመች። «ለአላህ ሰጥቼሻለሁ» አለቻት። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ነይ እህቴ፣ እንሂድ።»

ሚስ ደረጃው ላይ ወጥታ ስትሰድበን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ፖሊሱን፣ ሹርጣውን ጠራሁ ብላ ብታስፈራራም አልጠራችም፤ ፈቃድ የሌለው ትምህርት ቤት ይዛ ማንን ትጠራለች? ቢሆንም ያንኑ ሳምንት ኹበርን ለቅቄ ደማም፣ ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ገባሁ። እታለም አርብ ስትወጣ እዚያ ትመጣለች። ሚስ መቁረጫውን እንዴት ትይዝ እንደነበር እያስታወስን፣ አንዳችን በአንዳችን ጸጉር ተለማመድን። ስንሳሳት ተሳሳትሽ እንባባላለን፤ ፈትተን እንደገና እንጠቀልላለን። እንዲህም መማር ይቻላል። አሁን በየቤቱ እየተጠራሁ የምሠራው በዚያ በተማርኩት ነው። እታለም ኹሩጇን መትታ አገሯ ገባች፤ ጸጉር ቤቷንም ከፈተች።

ባለፈው እዚሁ አንድ የሐበሻ ሰርግ ላይ፣ ያኔ እታለም ላይ ከሳቀችው ልጅ ጋር ተገናኘን። ወፍራለች፤ አምሮባታል። ሳህናችንን ይዘን ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሚስ ምን ብትከፋ ሰው አድርጋናለች» አለችኝ። «እኔም አሁን ተማሪዎች አሉኝ። ሥርዓት ከሌለ ሙያ የለም፤ አጥብቄ ነው የያዝኳቸው።»

«እግርሽን ያጥባሉ?» አልኳት።

«ታዲያስ! እኛስ እንዴት ተማርን?» ብላ ሳቀች፤ ያንኑ ሳቅ። ከዚያም በወጥ በተነከረ እጇ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ሰነዘረች። «እንኪ፣ በሞቴ!»

አፌን ዘጋሁ። ሳህኔን አስቀምጬ፣ ለሙሽራዋ ቤተሰብ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ወጣሁ።