የሐሚድ ሞተር የተከፈተ ቀን

ባለፈው ሳምንት ወንድሜን ለመጠየቅ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይጨቃጨቁ ነበር። ነገሩ የመኪና እሽቅድምድም ነው። አንደኛ የወጣው ነጂ፣ መኪናው ከተፈቀደው ክብደት ቀልሎ ተገኝቶ ድሉ ተሰርዞበታል። አንደኛው ልጅ፣ «ዳኛው ተገዝቷል!» እያለ ይምላል። ሌላው ደጋፊዎች የጻፉትን ጮክ ብሎ ያነባል፤ አብዛኛው ስድብ ነው። መኪናውን ለመዘነው ሰው የተጻፈው ላይ ሲደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መዛኙ እህት ይኖረው ይሆን ብዬ አሰብኩ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ሳለሁ አሶሳ ላይ የሞተር ሳይክል ውድድር ይደረግ ነበር። የሚያዘጋጁት ሞተር የሚሸጡ የአሶሳና የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ነጂዎቹም በነጋዴዎቹ ተቀጥረው በዚሁ የሚተዳደሩ ነበሩ። ከአሶሳ ተነስተው ባምባሲ ደርሰው ይመለሳሉ። መንገዱ ያኔ ቀይ አፈር ስለነበር ሞተሮቹ ከመታየታቸው በፊት አቧራው ነበር የሚታየው።

የእኛ ሰው ሐሚድ ነበር። የመንጌ ወረዳ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኩርባ ላይ ጉልበቱ መሬት እስኪነካ የሚያጋድል። የአገሩ ተወላጅ የበርታ ሰው፣ ከወለጋ የመጣው፣ እንደ እኛ ቤተሰብ ከወሎ በሰፈራ የመጣው፣ በሌላ ነገር የማይስማማው ሁሉ በሐሚድ ይስማማ ነበር። እኔም ስሙን በደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ።

ወንድሜ ይመር መካኒክ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። ጋራዡ ከገበያው በታች፣ ዙሪያዋን በቀርከሃ የታጠረች ዳስ ነበረች። ሐሚድ የልብ ጓደኛው ነበር። ብዙ ቀን ምሳ የሚበላው እኛ ቤት ነው፤ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ሲቀርብለት ሳይናገር በልቶ ሳይናገር ይነሳል።

በውድድሩ ደንብ፣ አንደኛ የወጣው ሞተር እዚያው ሕዝብ ፊት ተፈትቶ ይለካል። በዚያ ዓመት የሚለካው ሰው ይመር እንዲሆን ተመረጠ። የሁሉም ሞተር በእጁ ያለፈ ስለሆነ የተቃወመ አልነበረም። እኔ ጠዋት ለጓደኞቼ፣ «የሚለካው የእኔ ወንድም ነው» እያልኩ ስኮራ አረፈድኩ።

ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ ገና አልገባም፣ ማንጎው ደርሷል። ከጓደኛዬ ከጫልቱ ጋር አንድ የቆመ አይሱዙ ላይ ወጥተን፣ ጭማቂው ክርናችን ድረስ እየወረደ ማንጎ እየበላን ጠበቅን። ሐሚድ ሌሎቹን ወደ ኋላ ትቶ ብቻውን ገባ። ያን ቀን የሰማሁትን እልልታ ያህል ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ይመር ሞተሩን ፈታ። ፒስተኑን አወጣ፣ ለካ፣ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ለካ። ሦስተኛም ለካ። ከዚያ ቀና ብሎ ሐሚድን አየው። ሐሚድ መሬት መሬት ያያል። ይመር ለዳኛው አንድ ነገር ተናገረ፤ ዳኛውም በድምፅ ማጉያው፣ ፒስተኑ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ትልቅ ስለሆነ የሐሚድ ድል መሰረዙንና ለአንድ ዓመት እንዳይወዳደር መታገዱን አስታወቀ።

ቀጥሎ አንድ ሰው፣ «ሌባ!» አለ። ሐሚድን መስሎኝ ነበር። ይመርን ነው። «የአዲስ አበባዎቹ ገዝተውታል!» «ፒስተኑን መካኒኩ ራሱ ነው የቀየረው!» «ሐሚድ ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረገ!» የማንጎ ፍሬ መዝነብ ጀመረ።

ጫልቱ ዞር ብላ አየችኝ። በመኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩኝ መሰለኝ። አፌን ከፈትኩና፣ «ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ደግሜም ጮህኩ። በእጄ የነበረውን ማንጎ ወረወርኩ። የት እንዳረፈ አላየሁም። እጄ ቀሎኝ ነበር፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

ይመር ቤት ሲመጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ቢጫ ሆኗል። ምሳ አቀረብኩ። «አልራበኝም» አለ። ሸሚዙን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለው፤ በማግስቱ አጠብኩት፤ የማንጎ እድፍ ግን አይለቅም።

በማግስቱ ሐሚድ መጣ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለነበር እኔንም «አንተ» ነበር የሚለኝ።

«ይመር እውነት ነው የተናገረ» አለኝ በር ላይ ቆሞ። «ፒስተን እኔ ነው የቀየረ። ሌላ ቦታ ነው ያሠራሁ፣ ይመር አያውቅም። አንተ ወንድምህን እንዳትቀየም።»

«እሺ» አልኩት።

ለእኔ ብቻ ተናግሮ አልቀረም። በገበያ ቀን ገበያው መካከል ቆሞ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» አለ። ደጋፊዎቹ ግን ጭራሽ አላመኑትም። «አስፈራርተውት ነው» አሉ፤ የባሰ ወደዱት። የይመርን ጋራዥ የሚረግጥ ሰው ጠፋ። ክረምቱ ሳይወጣ ዕቃውን ጭኖ ባምባሲ ገባ፤ እኔን ትምህርቴን እንድጨርስ አክስታችን ዘንድ ትቶኝ ሄደ። ሐሚድ ቅጣቱ ሲያበቃም አልተወዳደረም። ሞተሩ ሲበላሽ ግን ከመንጌ ድረስ እየገፋም ቢሆን ይመር ዘንድ ነው የሚያመጣው፤ አሁንም።

ባለፈው ሳምንት ባምባሲ ስደርስ ይመር እጁን በናፍጣ እየታጠበ ነበር። ጢሙ ሸብቷል። ሳልቀመጥ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔም ጮኼያለሁ። ወርውሬያለሁም።»

«አውቃለሁ» አለ ጣቶቹን እያሻሸ። «ድምፅሽን አጣዋለሁ እንዴ? መንገዱ እንዴት ነበር?»

መንገዱ ደህና እንደነበር ነገርኩት። ምሳ በላን፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጡ፤ ስለ ዝናቡ አወራን። እፍረት ይመጣል፣ ወይም እፎይታ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እስካሁን አልመጣም። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከውድድሩ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ፣ ገና አንድ ቤት ሳለን፣ ጠዋት ጠዋት የመኝታዬ በር ላይ ቆሞ፣ «ተነሽ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብሽ» ይለኝ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት መጮኼን ያውቅ ነበር ማለት ነው።